ምትሃት ለጀማሪ፦ ከላስቲክ ወደ ካርታ፣ ከካርታ ወደ ሳንቲም

ማጂክ መማር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ስልኩን ከፍቶ ነው። አንድ ቪዲዮ ያያል፣ ይገርመዋል፣ ቀጥሎ ሚስጥሩን የሚያጋልጠውን ቪዲዮ ይከፍታል። በአንድ ምሽት ብዙ ሚስጥር ያውቃል። በማግስቱ ለጓደኞቹ ላሳይ ሲል ግን ነገሩ እንዳሰበው አይሆንም። ሳንቲሙ ከእጁ ያመልጣል፤ ወይም አንዱ "በዚያኛው እጅህ ነው ያለው!" ይለዋል። ከዚያ "የእኔ ጣቶች ለዚህ አልተፈጠሩም" ብሎ ይተወዋል።

ጥፋቱ የጣቶቹ አይደለም። በምትሃት ውስጥ ሚስጥሩ ትንሹ ነገር ነው። አብዛኛው ሚስጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል። ከባዱ ሥራ ሌላ ነው፦ እጃችሁ በሚያታልልበት ቅጽበት ምንም እንደማያታልል እጅ መምሰል አለበት። ይህ ደግሞ እጃችሁ ሳያታልል ምን እንደሚያደርግ ከማወቅ ይጀምራል። ከዚህ በታች የምታገኙት መመሪያ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

የምንማረው ሦስት ብልሃት ብቻ ነው። አንድ የላስቲክ፣ አንድ የካርታ፣ አንድ የሳንቲም። አነሰ እንዳትሉ። ሦስቱን አጥርቶ የሚሠራ ሰው መቶ ሚስጥር ከሚያውቅ ሰው እጅግ ይበልጣል።

መጀመሪያ፦ ይህ የእጅ ሥራ ነው በሉ

እኛ ዘንድ ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ምትሃት ሲባል ድግምትና ጥንቆላ ትዝ የሚላቸው ብዙ ናቸው። ሳንቲም ስታጠፉ "በስመ አብ ወወልድ!" ብለው የሚያማትቡ እናቶች አሉ። አንዳንዱ ለጨዋታ ነው፤ አንዳንዱ ግን ከልቡ ይደነግጣል። የደነገጠን ሰው ማስደንገጣችሁን አትቀጥሉ። "እትዬ፣ የእጅ ቅልጥፍና ነው፣ ተለማምጄው ነው" በሉ። ሚስጥሩን መንገር አይጠበቅባችሁም። የእጅ ሥራ መሆኑን ግን በግልጽ ንገሩ። መንፈስ አለኝ፣ ሐሳብ አነባለሁ፣ ዕጣ ፈንታ አውቃለሁ ማለት ሰውን መጉዳት ነው፤ በተለይ የታመመ ወይም የተጨነቀ ሰው ፊት።

ይህ ክርክር ዕድሜው ረጅም ነው። በአውሮፓ ሰዎች በጠንቋይነት ተከሰው በሚገደሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1584፣ ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ ክሱን የሚሞግት መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የሳንቲም፣ የካርታና የኳስ ብልሃቶች በእጅ እንዴት እንደሚሠሩ አስረዳ። እንደ እሱ አባባል በእነዚህ ብልሃቶች ውስጥ ያለው የሰው ቅልጥፍና እንጂ ሰይጣን አይደለም።

በገልፍ አገሮች ለምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በቁም ነገር የምናገረው አለኝ። በሳውዲ አረቢያ ድግምት በሕግ የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። የቤት ሠራተኞችም በዚህ ተወንጅለው ያውቃሉ። ስለዚህ በአሠሪ ቤት፣ በአሠሪ ልጆች ፊት፣ ለቀልድም ቢሆን ሳንቲም አታጥፉ። ልምምዱን በራሳችሁ ክፍል አድርጉት፤ ትርኢቱን ለሚያውቋችሁ ወዳጆች አቆዩት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በሱቅ የሚሸጠውን ባለ ሳጥን የማጂክ መጫወቻ ተዉት። አብዛኛው ዕቃ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ሲያዩትም መጫወቻ መሆኑ ያስታውቃል። ሰው የሚደነቀው በሚያውቀው ዕቃ ነው።

ካርታ ግዙ። ሰው ሲጫወትበት ከርሞ ጥግ ጥጉ የተጣጠፈና የሚጣበቅ ካርታ አይሆንም። ደህና የወረቀት ካርታ በጣቶች መሃል ይንሸራተታል፣ ሲዘረጋም እኩል ይዘረጋል። በዓለም ላይ ብዙ ምትሃተኞች የሚይዙት ባይስክል የሚባለውን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ይታተማል። ካላገኛችሁ ማንኛውም አዲስ ካርታ ይሆናል። ከቻላችሁ ሁለት ግዙ፤ አንዱ ለልምምድ፣ ሌላው ንጹሕ ሆኖ ለማሳያ።

ለሳንቲም አገር ቤት ላላችሁ ባለ ሁለት ቀለሙ የ1 ብር ሳንቲም ጥሩ ነው። በቂ ስፋት አለው፣ ከሩቅም ይታያል። አሜሪካ ያላችሁ ከባንክ የግማሽ ዶላር ሳንቲም ጠይቁ። ስፋቱ 30.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሳንቲም ብልሃት የሚሠሩ ሰዎች የለመዱት እሱን ነው። በጣም ትንሽ ሳንቲም ለመያዝ ይቀላል ብላችሁ አታስቡ። በጣቶች መሃል ሾልኮ የሚወድቀው እሱ ነው።

ብር የሚታሰርበት ቀጭን ላስቲክ፣ እስክሪብቶ፣ ኪስ ያለው ልብስና ካሜራ ያለው ስልክ ጨምሩ። በቃ። እሳት፣ ቢላዋ፣ የሚዋጥ ነገር፣ ፊት ላይ የሚጠለቅ ፌስታል ለጀማሪ አይደሉም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ሳንቲሙን የትም አትጣሉት።

የመጀመሪያው ብልሃት፦ የሚዘለው ላስቲክ

ይህን በአሥር ደቂቃ ትማሩታላችሁ። ያስቀደምኩት ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰው ፊት ቆሞ እያወሩ መሥራትን ለመልመድ የሚመች ነው።

ላስቲኩን በጠቋሚና በመሃል ጣታችሁ ላይ አጥልቁ፤ እስከ ጣቶቹ ሥር ይውረድ። የእጃችሁ ጀርባ ወደ ተመልካች፣ መዳፋችሁ ወደ እናንተ ይሁን። በሌላው እጅ ላስቲኩን ከመዳፋችሁ በኩል ሳብ አድርጉና አራቱንም ጣቶች አጥፋችሁ ጫፎቻቸውን በተሳበው ላስቲክ ውስጥ አስገቡ። ልቀቁት። አሁን ላስቲኩ በእናንተ በኩል አራቱንም ጣቶች ይዟል። በተመልካቹ በኩል ግን አሁንም በሁለቱ ጣቶች ላይ ብቻ ነው ያለው።

ጣቶቻችሁን ፈጠን ብላችሁ ዘርጉ። ላስቲኩ በራሱ ጊዜ ወደ ቀለበት ጣትና ወደ ትንሿ ጣት ይዘላል።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው። ላስቲኩን ሲስበው አጎንብሶ ያየዋል፣ ዝም ይላል፣ ይጠነቀቃል። ተመልካቹም አብሮት ያያል። መድኃኒቱ ወሬ ነው። ላስቲኩን ሳብ ስታደርጉ ቀና ብላችሁ "ጥብቅ ነው፣ አይወጣም፣ እይው እስቲ" በሉ። መሳባችሁ ጥብቀቱን ለማሳየት ይመስላል። የምታደርጉት ነገር ሁሉ ሰው የሚቀበለው ምክንያት ይኑረው። በቀሩት ሁለት ብልሃቶችም ይህን ደግመን እናገኘዋለን።

ሁለተኛው፦ የተመረጠችውን ካርታ ማግኘት

ኮንከር የሚጫወት ሰው መበወዝና መቁረጥ ያውቃል። ከዚያ በላይ የጣት ችሎታ እዚህ አያስፈልግም። ሥራውን የምትሠራላችሁ አንዲት ካርታ ናት፤ ቁልፍ ካርታ እንበላት።

ካርታውን ለተመልካቹ ስጡትና ይበውዘው። እስኪበቃው ይበውዝ፣ አታስቸኩሉት። ሲመልስላችሁ ዳር ዳሩን ለማስተካከል በጠረጴዛው ላይ አቁማችሁ መታ መታ አድርጉት። በዚያች ቅጽበት የታችኛዋ ካርታ ፊት ወደ እናንተ ዘንበል ይላል። አንዴ እዩዋትና ያዟት። የቀይ ልብ 7 ናት እንበል። ቁልፋችሁ እሷ ናት። አፍጥጣችሁ አትዩ፤ ካርታ የሚያስተካክል ሰው ዓይኑን ወደ ካርታው ጣል ያደርጋል፣ ያ ይበቃል።

ካርታውን ፊቱን ወደ ታች እንዳደረገ ዘርጉና "አንዷን ምረጥ" በሉት። ትውጣ፣ ይያት፣ ለአጠገቡ ሰውም ያሳይ። ለሌላ ሰው ማሳየቱን አትርሱ። የመረጣትን ካርታ ረስቶ "ይህቺ አይደለችም" የሚል ሰው ብዙ ነው።

አሁን ካርታውን ቁረጡ። የላይኛውን ግማሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። የታችኛው ግማሽ እጃችሁ ላይ ነው፤ ቁልፏም ከሥሩ አለች። ተመልካቹ ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ባለው ግማሽ አናት ላይ ያስቀምጥ። እናንተ በእጃችሁ ያለውን በላዩ ጫኑበት። ቁልፏ አሁን በቀጥታ በተመረጠችው ካርታ ላይ ተቀምጣለች። ሥራው አለቀ። ተመልካቹ ግን ገና እንደተጀመረ ነው የሚያስበው።

ይቁረጠው በሉት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መቁረጥ ማለት የላይኛውን ክፍል አንስቶ ከታች ማድረግ ስለሆነ ሁለቱን ጎረቤት ካርታዎች አይለያይም። መበወዝ ግን አይፈቀድም፤ ይለያያቸዋል። ካርታውን ለመበወዝ ሲያነሳ ካያችሁ በእርጋታ ተቀበሉት። "ቁረጥ" ስትሉት በእጃችሁ የመቁረጥ ምልክት አብራችሁ አሳዩት፣ ያኔ አይሳሳትም።

አሁን ከላይ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩ። የቀይ ልብ 7 ስትወጣ ቀጥላ የምትመጣው የተመረጠችው ናት። አንድ ጥንቃቄ አለ። አልፎ አልፎ ተመልካቹ የሚቆርጠው ልክ በሁለቱ መሃል ይሆናል። ያኔ የተመረጠችው አናት ላይ፣ ቁልፏ ከሥር ትሆናለች። ስለዚህ መጀመሪያ ያወጣችኋትን ካርታ አስታውሱ። ቁልፏ የመጨረሻ ሆና ከመጣች መልሱ የመጀመሪያዋ ናት።

አግኝታችኋታል ብላችሁ ግን እዚያው አትቁሙ። ይህ ብልሃት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ ካርታዋ ስትመጣ "ይህቺ ናት!" ብሎ ይጮኻል። ተመልካቹም "በሆነ መንገድ ቆጥሮ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ዝም ብላችሁ እለፏት። ሁሉንም ደርድሩ፣ ረድፍ በረድፍ። ከዚያ የተመልካቹን የእጅ አንጓ ያዙና የልብ ትርታውን የምታዳምጡ ምሰሉ። ጣቱን በካርታዎቹ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። አንድ ጊዜ እለፏት፤ ተመልሳችሁ ቅረቧት፤ ቆም በሉ። "እዚህ ጋ ልብህ መታ አደረገ" በሉት። ጣቱን ካርታዋ ላይ አሳርፉት።

ያን ጊዜ ፊቱን እዩት። የሚስቀው እሱ ነው፣ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ደግሞ "አንተ ነህ ያሳወቅከው!" ይለዋል። ሚስጥሩ ያው የአንዲት ካርታ ነገር ነው። ያደረጋችሁት ለውጥ የት ቦታ ላይ ማቆም እንዳለባችሁ ማወቅ ብቻ ነው።

ምን እንደማትናገሩም እወቁ። "ይህ ተራ ካርታ ነው፣ ምንም የለበትም" አትበሉ። ማንም ሳይጠረጥር ጥርጣሬውን ታስገቡበታላችሁ። "አሁን ካርታውን እየቆረጥኩ ነው" አትበሉ፤ እያየ ነው። ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ የሰማችሁትን ንግግርም ቃል በቃል አትገልብጡ። ቤት ውስጥ ለወንድማችሁ እንደምታወሩት አውሩ።

ሦስተኛው፦ የሚጠፋው ሳንቲም

ሦስተኛው ላይ ጊዜ ስጡ። ላስቲኩም ካርታውም ከሞላ ጎደል በራሳቸው ይሠራሉ። ሳንቲሙን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

በመጀመሪያ አያያዙን ልመዱ። ሳንቲሙን በቀኝ እጃችሁ በመሃል ጣትና በቀለበት ጣት ሥር አስተኙት፤ ጣቶቹ ከመዳፉ ከሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ወደ ላይ ይሁን። ሁለቱን ጣቶች በጣም በትንሹ አጠፍ አድርጉ። የሳንቲሙ ጠርዝ ይያዛል። እጃችሁን ገልብጡ፤ አይወድቅም። አሁን እጃችሁን ወደ ጎን ልቀቁትና በዚህ ሁኔታ ቤት ውስጥ ተዘዋወሩ። በር ክፈቱ፣ ስልክ አንሱ፣ ብርጭቆ ያዙ። ለጥቂት ቀናት እንዲህ አድርጉ። ሳንቲም የደበቀ እጅ የሚጋለጠው ሳንቲሙ ታይቶ አይደለም። እጁ እንደ እንጨት ደርቆ ስለሚቆም ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እናንተ አትዝለሉት። ሳንቲሙን በእውነት ከቀኝ ወደ ግራ አስተላልፉ። ምንም ማታለል የለም። ግራ እጃችሁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሆዳችሁ ፊት ዘርጉ። ቀኝ እጃችሁን በላዩ ገልብጣችሁ ሳንቲሙን መዳፉ ላይ ጣሉት። የግራ ጣቶች ይዘጋሉ፣ ቀኙ ይሸሻል። ይህን ሃያ ጊዜ አድርጉና በስልክ ቅረጹት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። የግራ ጣቶች መቼ ጀመሩ መዘጋት? ቀኙ ከጣለ በኋላ ወዴት ሄደ? ዓይናችሁ የት ነበር? መልሱ እጃችሁ ላይ አለ። ልትመስሉት የሚገባው ሰው ሌላ ማንም ሳይሆን በቪዲዮው ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ማታለሉ። ሁሉም ነገር እንደዚያው ነው። ቀኝ እጃችሁ ሲገለበጥ ሁለቱ ጣቶች ሳንቲሙን ይይዙታል እንጂ አይለቁትም። የቀኝ ጣቶች ጫፍ የግራውን መዳፍ ይንካ። ጫፎቹ ገና እዚያው እያሉ የግራ ጣቶች መዘጋት ይጀምሩ፤ ቀኙ ከመሃላቸው ይውጣ። ግራው ጭብጥ ሲል ሳንቲም የሚያህል ቦታ ይተው፣ ጥርቅም አይበል። ቀኙ ዘና ብሎ ትንሽ ዝቅ ይበል። ከዚያ በቀኝ ጠቋሚ ጣታችሁ ግራውን ጭብጥ ጠቁሙ።

ዓይናችሁ? ግራው ላይ። ይህ ከጣቱ ሥራ ይበልጣል። ጉስታቭ ኩንና ማይክል ላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድ ምትሃተኛ ኳስ ወደ ላይ ደጋግሞ ከወረወረ በኋላ በመጨረሻው ላይ የወረወረ እያስመሰለ ኳሱን እጁ ውስጥ ያስቀራል። ቀና ብሎ ኳሱን የሚከተል መስሎ ሲያይ ከተመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኳሱ ሲወጣ አየን አሉ። እጁን ሲያይ ግን አየን ያሉት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበሩ። ኳሱ በሁለቱም ጊዜ ከእጁ አልወጣም። ልዩነቱ የዓይኑ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሳንቲሙ ግራ እጃችሁ ውስጥ እንዳለ ከልባችሁ እመኑ። ቀኙን ረስታችሁ ግራውን እዩ።

አሁን ሳንቲሙን ማስወገድ አለባችሁ። እዚህ እስክሪብቶው ይመጣል። አስቀድማችሁ በቀኝ ኪሳችሁ አድርጉት። "ዝም ብሎ አይጠፋም፣ በዚህ መንካት ያስፈልጋል" እያላችሁ ቀኝ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አስገቡ። ሳንቲሙን እዚያው ጣሉት፣ እስክሪብቶውን ይዛችሁ ውጡ። ኪስ የገባችሁበት ምክንያት ለተመልካቹ ግልጽ ነው። ግራውን በእስክሪብቶው ነካ ነካ አድርጉ። አትቸኩሉ። ከትንሿ ጣት ጀምራችሁ አንድ በአንድ ክፈቱ። ባዶ ነው። ቀኝ እጃችሁም ከእስክሪብቶው በስተቀር ባዶ ነው። "ይኸው ባዶ ነው" አትበሉ። ዝም በሉ፣ ራሱ ይየው።

ሳንቲሙ የሰው ከሆነ መመለስ አለበት። እስክሪብቶውን ወደ ኪስ ስትመልሱ ሳንቲሙን እንደገና በሁለቱ ጣቶች ሥር ያዙት። እጃችሁን ወደ ሰውዬው ጆሮ ጀርባ ላኩ፣ በአውራ ጣታችሁ ሳንቲሙን ወደ ጣቶቻችሁ ጫፍ ገፋ አድርጉና አውጡት። ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል። ትልልቅ ሰዎችም ቢሆኑ ጆሯቸውን ዳሰስ ሳያደርጉ አያልፉም።

ልምምድ

በየቀኑ ሩብ ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ልምምድ ይሻላል። ጣት የሚማረው በድግግሞሽና በዕረፍት ነው። ሲያማችሁ አቁሙ።

መስታወት ጥሩ ነው፣ ግን ጣጣ አለው። መስታወት ፊት የሚለማመድ ሰው ሳንቲሙን በሚደብቅባት ቅጽበት ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል። የራሱን ስህተት ማየት አይፈልግማ። ከዚያ ሰው ፊትም ዓይኑን ያርገበግባል። ስለዚህ አቅጣጫ ለማስተካከል መስታወት፣ ራሳችሁን ለመፍረድ ስልክ። ስልኩን አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አስደግፋችሁ ቅረጹ። ሳንቲሙ በየትኛው በኩል እንደሚታይ ያኔ ይገባችኋል። ከዚያ ተመልካቾቻችሁ ያ ቦታ ላይ እንዳይቆሙ ታደርጋላችሁ።

ንግግሩንም አብራችሁ ተለማመዱ። በዝምታ የሠለጠነ እጅ አፍ ሲከፈት ይደናገራል። የምትሉትን በደብተር ጻፉት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ደብተሩን ዝጉና በራሳችሁ አነጋገር በሉት።

ሰው ፊት ስትወጡ

በአንድ ሰው ጀምሩ፤ ደግነት ያለው አንድ ሰው። ቡና እየተፈላ ሳለ ወይም በበዓል ቀን ከምግብ በኋላ ጥሩ ጊዜ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ሰው በችኮላ ላይ እያለ አይሆንም። ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። ልጆች ካሉ ፊት ለፊታችሁ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ። በጎናችሁ የቆመ ልጅ ሁሉንም ያያል፣ ያየውንም ይናገራል።

ሊሆን ያለውን አስቀድማችሁ አትናገሩ። "አሁን ይህን ሳንቲም አጠፋዋለሁ" ካላችሁ ሰውዬው ሁለቱንም እጆቻችሁን ሲጠብቅ ይቆያል።

"እንደገና አሳየን!" ይሏችኋል። አትድገሙ። መጀመሪያ ሲያዩ የት እንደሚያዩ አያውቁም፤ ሁለተኛ ሲያዩ ያውቃሉ። ሌላ ብልሃት ስጧቸው፤ ሦስት የያዛችሁትም ለዚህ ነው። እርግጥ ለመደገም ተብለው የተሠሩ ብልሃቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ውስጥ ካናዳዊው ምትሃተኛ ዳይ ቨርነን ዝነኛውን ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒን በካርታ ያሸነፈው እየደጋገመ ነበር። ሁዲኒ ሦስት ጊዜ ያየውን የካርታ ብልሃት ሁሉ እንደሚደርስበት የሚናገር ሰው ነበር፤ የቨርነንን ግን አልደረሰበትም። ይህ ዕድሜውን ሙሉ ከካርታ ጋር የኖረ ሰው ሥራ ነው። እናንተ ለጊዜው አንዴ አሳይታችሁ እለፉ።

ሚስጥሩን ሲጠይቋችሁስ? "ተለማምጄ ነው" በቂ መልስ ነው። ሚስጥር የሚጠበቀው ለኩራት አይደለም። ሚስጥሩን የሰማ ሰው ወዲያው "አሃ፣ ይህቺ ብቻ ናት?" ይላል። የነበረው ደስታ ከእጁ ይወጣል። በእውነት መማር የሚፈልግ ሰው ካገኛችሁ ግን አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ አስተምሩት።

ይበላሻልም። ሳንቲሙ ይወድቃል፣ ቁልፏ ካርታ ትረሳለች። ሳንቲም ከወደቀ አንሱት፣ ከመጀመሪያው ቀጥሉ። ካርታ ከጠፋችባችሁ "ዛሬ አሸነፍከኝ" በሉና ወደ ላስቲኩ እለፉ። ማብራሪያ አታብዙ። ሰው የሚያስታውሰው መደናገጣችሁን እንጂ ስህተቱን አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር። ካርታ እንደምትችሉ ከታወቀ በኋላ በገንዘብ ኮንከር አትቀመጡ። በንጽሕና ብታሸንፉም ማንም አያምናችሁም። በብልሃታችሁም ገንዘብ አታሲዙ። በገበያ ዳር "ቀይዋን ያገኘ" እያለ የሰው ደሞዝ የሚበላው አጭበርባሪም የሚሠራው በእጅ ቅልጥፍና ነው። እናንተና እሱ የምትለያዩት ተመልካቹ ገንዘቡን ይዞና ደስ ብሎት ወደ ቤቱ በመሄዱ ነው።

ከዚያ በኋላ

ሦስቱን ብልሃት ለተለያዩ ሰዎች ደጋግማችሁ ካሳያችሁና እጃችሁ መንቀጥቀጡን ከተወ አራተኛውን ፈልጉ። ያኔ ከቪዲዮ ይልቅ መጽሐፍ እመርጣለሁ። ቪዲዮ የሌላውን ሰው እጅና አነጋገር ያስኮርጃል። መጽሐፍ ግን በራሳችሁ እጅ እንድታስቡ ያስገድዳል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ለካርታ ሂዩጋርድና ብራውዌ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት፣ ለሳንቲም ደግሞ ቦቦ በ1952 ያሳተመው እስከ ዛሬ የሚሠራባቸው ናቸው። ኤርድኔስ በሚል ስም በ1902 የወጣውን የካርታ መጽሐፍ ብዙዎች ያመሰግኑላችኋል፤ ለጀማሪ ግን ከባድ ነው፣ ቢቆያችሁ ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ወደ ሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ 793.8 ቁጥር ያለበትን መደርደሪያ ፈልጉ። የምትሃት መጻሕፍት የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ማኅበርም አለ። የአሜሪካ ምትሃተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ ተመሠረተ፤ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። ለንደን ያላችሁ በ1905 የተመሠረተው ማጂክ ሰርክል አላችሁ፤ ለወጣቶችም የራሱ ክበብ አለው። አገር ቤት ላላችሁ የምመክረው አንድ ጓደኛ መያዝ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። አንዱ ይሥራ፣ ሌላው ሳንቲሙ የታየበትን ቦታ ይንገረው፤ ከዚያ ተቀያየሩ።